የሩጫ ፔስና ፍጥነት ስሌት

ፔስ ሯጭ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። በባሕር ዳር ለሚለማመድ ሰው መለኪያው በተለይ ይጠቅማል፤ የጣና ዳር መንገድ ሜዳማ ስለሆነ ዳገትና ቁልቁለት ሰዓቱን አያዛባውም።

የፈጀው ጊዜ ለርቀቱ ይካፈላል። 10 ኪሎ ሜትር በ45 ደቂቃ የሮጠ ሰው ፔሱ 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ፍጥነቱን ለማግኘት 60 ለ4.5 ይካፈላል፤ በሰዓት 13.3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 30 ሰከንድ ግማሽ ደቂቃ ስለሆነ 4.30 ብሎ ማካፈል ስሌቱን ያበላሻል። በ400 ሜትር መም ላይ ይኸው ፔስ ለአንድ ዙር 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ይሰጣል።

ትዕግስት አሰፋ መስከረም 2016 ዓ.ም. የበርሊን ማራቶንን በ2:11:53 ስታሸንፍ አማካይ ፔሷ 3 ደቂቃ ከ7.5 ሰከንድ ገደማ፣ ፍጥነቷም በሰዓት 19.2 ኪሎ ሜትር ነበር። በርሊን ግን ዝቅተኛ ቦታ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ይላል፤ በቆላ የተመዘገበ ፔስ እንዳለ ቢወሰድ ሯጩን ያለ ጊዜው ያደክመዋል። የልምምዱ ፔስ መነሳት ያለበት እዚያው ባሕር ዳር ከተለካ ሰዓት ነው።