በጓሮ የበቀለ ያልታወቀ ተክል፦ አስተናግርን እንዴት መለየት ይቻላል?

ክረምት ሲገባ በጓሮ፣ በአጥር ሥርና ፍግ በተከመረበት ቦታ ማንም ያልዘራቸው ተክሎች ይበቅላሉ። አብዛኞቹ ጉዳት የላቸውም። አንዱን ግን ልጆች ያሉበት ቤት ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ እሱም አስተናግር ነው። አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም ነው። ከሥሩ እስከ ዘሩ ሁለመናው መርዛማ ነው።

መለያዎቹ

ገና ቡቃያ ሳለ ለመለየት ያስቸግራል፤ ለምግብ ከሚሆኑ ቅጠላ ቅጠሎች ጋር ሊምታታ ይችላል። ፎቶ አይቶ የተክል ስም የሚናገር የስልክ መተግበሪያም ሊሳሳት ይችላል። ሲያድግ ቅጠሉ ሰፊ፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ይሆናል፤ ሽታውም ደስ አይልም። አበባው ነጭ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ጡሩምባ ይመስላል። ዋናው መለያ ፍሬው ነው፦ እሾህ የለበሰና እንቁላል መሳይ ሲሆን፣ ሲደርቅ በአራት ተሰንጥቆ ጠቆር ያሉ ዘሮች ያፈሳል። ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት መቆየት ስለሚችል አምና የነቀሉት ዘንድሮ ቢበቅል አይገረሙ።

ያላወቁትን ተክል በመቅመስ ለመለየት አይሞክሩ። ፍየል ስለበላችው ለሰው ይሆናል ማለት አይደለም። መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም።

የመመረዝ ምልክቶች

ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፦ አፍ ይደርቃል፣ ቆዳ ይቀላል፣ ላብ ሳይኖር ሰውነት ይግላል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ሽንት እምቢ ይላል። ከዚያም በሽተኛው ይቀባጥራል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ይረበሻል፤ የተክሉ ስም ራሱ ይህን የሚጠቁም ይመስላል። ሲጠና የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ይመጣል። ቤተሰብ ድንገተኛ የአእምሮ ሕመም ወይም መንፈስ መስሎት ሌላ ቦታ ሲሄድ ውድ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

ሳይበሉትም ሊጎዳ ይችላል። አስተናግር በነቀሉበት እጅ ዓይን ቢያሹ የዚያ ዓይን ብሌን ብቻ ሰፍቶ ለቀናት እይታ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ለሐኪሙ ስለ ተክሉ ካልነገሩት የጭንቅላት ሕመም ሊጠረጠር ይችላል። ቅጠሉን ለቆረቆር መቀባት ወይም የዘሩን ጭስ ለጥርስ ሕመም መታጠንም ከዚህ መርዝ ነፃ አይደለም።

ምን ይደረግ?

ሰው እንደበላ ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። አፉ ውስጥ የቀረውን ያስተፉት፤ አያስመልሱት፤ ራሱን ለማያውቅ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አያጠጡት። ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ከተክሉ ቅጠልና ፍሬ በላስቲክ ይዘው ይሂዱ። የበላበትን ሰዓትም ይንገሩ። አሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች ወደ መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ1-800-222-1222 መደወል ይችላሉ፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በሽተኛው ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ ግን በቀጥታ 911 ይደውሉ።

ተክሉን ለመንቀል ፍሬ ሳይዝ፣ በጓንት ይንቀሉት፤ ከዚያም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የነቀሉትን ለከብት ከሚሰጥ ሣር ጋር አይቀላቅሉት።