የቅኔ ቤቱ ነገራና የኮዱ ፈተና

የመካነ ሰላም ከተማ ያለችበት የወሎ ቦረና ምድር የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ አገር ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ15ኛው መባቻ የኖሩት እኚህ ሊቅ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተማሪ ሳሉ ትምህርት አልገባ ብሏቸው እንደተቸገሩ፣ ኋላም በእመቤታችን አማላጅነት ልቡናቸው እንደበራ ይተረካል። አርጋኖንን፣ መጽሐፈ ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ገዳሙ ገና በጅምሩ ፈትኖ ቢያሰናብታቸው ኖሮ እኛ ምን እንወርስ ነበር?

አባቶቻችን ይህን ትዕግሥት በሥርዓት አኑረውልናል። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና እየበሰለ ሲሄድ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ለብቻው ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ነገራ የሚባለው ይህ ነው። መምህሩ የተሰበረውን ቤት ያቃናሉ፣ የሳተውን አገባብ ያርማሉ። በማግስቱ ሌላ ይቆጥራል፤ የትናንቱ ስሕተት ከነገው ላይ አይቀነስም። በወሎ ቁርኣን ቤቶችም ልጁ በሉህ፣ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን ሸምድዶ ሳያሰማ ሉሁ ታጥቦ አዲስ ትምህርት አይጻፍለትም። የዚያ ዘመን አለንጋ ይመለስ አንልም። ደረጃ በመቻል መለካቱን ግን ልንረሳው አይገባም ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት እልፍ ተማሪ በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ነበረበትና ሚድን፣ ፋይናልን፣ ማትሪክን አመጣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 የተጀመረውን የከፍተኛ ትምህርት የመውጫ ፈተና በመጀመሪያው ዙር ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ናቸው። ፈተናዎቹ የጉድለቱን ልክ ነገሩን፤ የነገሩን ግን ለማረም ከረፈደ በኋላ ነው።

ዛሬ መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተማሪ ፕሮግራሚንግን የሚጀምረው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው፤ ኮምፒውተር በእጁ የነካው ግቢ ከገባ ወዲህ የሆነም አለ። ኮድ ከቅኔ ጋር ዝምድና አለው። አገባቡ ሲሳት ኮምፓይለሩ ወዲያው ይናገራል፤ ሰሙ ቀንቶ ወርቁ ሲጠፋ፣ ማለትም ፕሮግራሙ እየሠራ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ግን መምህር ያስፈልጋል። ስሕተት የዕለት ጓደኛው የሆነን ሙያ በወረቀት በሚጻፍ አንድ ፋይናል ስንለካው፣ ተማሪው መሞከርን ይፈራል፣ ከጓደኛው ይገለብጣል፣ በመጨረሻም «ኮዲንግ የእኔ አይደለም» ብሎ ይተወዋል።

አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ ሙሉ ኮድ ጽፎ ይሰጣል። ወረቀቱን ብቻ የሚያይ መምህር የማን ሥራ እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ነገራ ይመለስ፤ ተማሪው የሠራውን ይዞ ይቅረብ፣ «ይህ መስመር ለምን እዚህ ገባ?» ሲባል በቃሉ ያስረዳ። በየሳምንቱ ትንሽ ሥራ ይሰጠው፤ አርሞ ሲመልስ ነጥቡ ይስተካከልለት። ክፍሉ ለአንድ መምህር ቢበዛ፣ የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን መርዳቱ በጉባኤ ቤቶቻችን የኖረ ልማድ ነው።

ትምህርቱ ዘግይቶ የሚገባው ያ ተማሪ ዛሬም በአንዱ የኮምፒውተር ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ሳንሰማው ሉሁን አንጠብበት።