የመኪና የኋላ በር ጋዝ ዘንግ

የጋዝ ዘንግ የመኪናን የኋላ በር አግዞ የሚያነሣና ከፍቶ የሚይዝ፣ የታመቀ ናይትሮጅን፣ ጥቂት ዘይትና ፒስተን ያለበት ድፍን ቱቦ ነው። ማኅተም ጎማው ሲያረጅ ጋዙ ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ በሩም በሰው ራስ ላይ ይወርዳል። ብርድ ግፊቱን ስለሚቀንስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያልፈው የእንጦጦ ጋራ ማለዳ ላይ ድካሙ ይብሳል።

የደከመው ዘንግ አዲስ አበባ፣ የካ ውስጥ ባለ ግቢም ቢሆን ይቀየራል። ከሁሉ አስቀድሞ በሩ በጠንካራ እንጨት ይደገፋል። የጫፎቹ ሽቦ በካቻቢቴ ሲላላ ዘንጉ ከድቡልቡል መያዣው ይነቀላል፤ አዲሱ በአሮጌው አቅጣጫ ተጭኖ ይገባል። በሩ እንዳይጣመም የግራና የቀኝ ዘንጎቹ ሁለቱም አብረው ይለወጣሉ።

የአዲሱ ዘንግ ርዝመትና ቱቦው ላይ በኒውተን የተጻፈው ኃይል ከቀድሞው ጋር መግጠም አለበት። በመርካቶ ሱማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ ይሸጣል፤ የዚህ ዕቃ ማኅተም ግን ከዕድሜ ጋር ስለሚደክም አዲሱ ይመረጣል። የተነቀለው ግፊት ሊኖርበት ስለሚችል አይቆረጥም፤ እሳት ውስጥም አይጣልም።