ርካሹ መኝታ፦ ከጭነት ወለል እስከ መስኮት አልባው ካቢን

ዛሬ በሽርሽር መርከብ ላይ የሚሸጠው ርካሹ ክፍል በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያለው መስኮት አልባ ካቢን ነው። አልጋ፣ ጠባብ ቁም ሣጥን፣ የራሱ ሽንት ቤትና መታጠቢያ አለው፤ የሚጎድለው የባሕሩ እይታ ነው። በዚህ ክፍል የተሳፈረ ሰው ባለበረንዳውን ከያዘው መንገደኛ ጋር በአንድ አዳራሽ ይመገባል፣ በአንድ ገንዳ ይዋኛል፣ በአንድ ትያትር ቤት ይታደማል። ይህ እኩልነት ግን ዕድሜው አጭር ነው። ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ በርካሹ ቦታ የሚጎድለው አየር፣ ብርሃንና ንጹሕ ውሃ ነበር፤ በክፉ ዓመት ደግሞ ሕይወት ራሱ። የታላላቆቹን መርከቦች ወጪ በአብዛኛው የሸፈነው ግን ያው ቦታ ነው።

የታሪኩ መነሻ ሰሜን አትላንቲክ ነው። በጥር 1818 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ብላክ ቦል ላይን የተባለ ድርጅት ጭነቱ ሞላም አልሞላ በተቆረጠለት ቀን የሚነሳ ባለሸራ መርከብ ከኒውዮርክ ወደ ሊቨርፑል ላከ። የመነሻው ቀን ሲታወቅ ቦታ አስቀድሞ መያዝም የሚቻል ነገር ሆነ። ካቢን የሚይዙት ነጋዴዎችና ባለሀብቶች ነበሩ። ድሃው መንገደኛ በአብዛኛው የሚሄደው በሌላ ዓይነት መርከብ ነው። ከአሜሪካ ጥጥ፣ ከካናዳ ደግሞ ግንድ ጭነው ወደ ብሪታንያና አየርላንድ የሚመጡ መርከቦች ሲመለሱ የሚጭኑት ዕቃ ያንሳቸው ነበር። ባለቤቶቹ ባዶ ከመመለስ ሰው መጫንን መረጡ። ከላይኛው ወለል በታች፣ ከጭነት ክፍሉ በላይ ባለው ስፍራ አናጢዎች ካልተላገ ሳንቃ ተደራራቢ አልጋ ይሠራሉ፤ መርከቡ አሜሪካ ደርሶ መንገደኛው ሲወርድ አልጋው ይፈርስና ቦታው ለጥጥ ወይም ለግንድ ይለቀቃል። እንግሊዞች ይህን ስፍራ ስቲሬጅ ይሉታል።

በስቲሬጅ ቦታ የያዘ ሰው የገዛው ወንበርም ክፍልም አልነበረም፤ ጋደም የሚልበት የሳንቃ ስፋት ነበር። የገለባ ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ የቆርቆሮ ሳህኑንና ድስቱን ይዞ ይመጣል። የስንቁም ነገር በአብዛኛው የራሱ ጉዳይ ነው፤ ዱቄት፣ ድንችና የደረቀ ዓሣ ቋጥሮ ይሳፈራል። የማብሰያው ምድጃ ላይኛው ወለል ላይ በመሆኑ ሴቶች ድስታቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፤ ንፋሱ ሲበረታ እሳቱ ይጠፋል፣ ቤተሰቡም ያልበሰለ በልቶ ያድራል። ማዕበል ሲነሳ ወደ ታች የሚያስገባው መዝጊያ ከላይ ይቆለፋል። ታች ያለው ሕዝብ ከሚያስመልሱት፣ ከሕፃናቱና ከሕሙማኑ ጋር ጨለማ ውስጥ ይቆያል፤ አየር የሚገባበት መንገድ እምብዛም የለም። ጉዞው በደህናው ጊዜ አምስትና ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ንፋሱ ከጠመመ ግን ከዚያም ያልፋል።

መንግሥታት ነገሩን በሕግ ለመግታት መሞከራቸው አልቀረም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1819 ባወጣው ሕግ አንድ መርከብ በየአምስቱ ቶን ከሁለት ሰው በላይ እንዳይጭን ከለከለ። ሕጉ ግን በወረቀት የሚከበረውን ያህል በባሕር ላይ አልተከበረም። የአየርላንድ ድንች በበሽታ ጠፍቶ ሕዝቡ በረሃብ ሲሰደድ፣ በ1847 ተስቦ የተሸከሙ መርከቦች በካናዳ ሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ ባለችው የግሮስ ኢል ደሴት ፊት ተሰልፈው ቆሙ። በዚያ ዓመት ብቻ ከ5,000 በላይ ሰው በደሴቲቱ ተቀበረ። የዚያ ጊዜ መርከቦች እስከ ዛሬ የሬሳ ሣጥን መርከቦች ተብለው ይታወሳሉ፤ ስሙም አልበዛባቸውም። በ1855 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለእያንዳንዱ መንገደኛ አልጋው ርዝመቱ ስድስት ጫማ፣ ስፋቱ ሁለት ጫማ እንዲሆን፣ ከሁለት በላይም እንዳይደራረብ አዘዘ። ስፋቱ ዛሬ በምንለካበት ስድሳ ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ ያም እንደ ትልቅ መሻሻል ተቆጠረ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከሕግ ይልቅ ከእንፋሎት ነው። የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት መርከቦች ድሃን አይጭኑም ነበር። በሐምሌ 1840 የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው የኩናርድ ኩባንያ መርከብ ብሪታኒያ ለ115 የካቢን መንገደኞች የተሠራች ስትሆን፣ ለስቲሬጅ ቦታ አልነበራትም። ዊልያም ኢንማን የተባለው የሊቨርፑል ነጋዴ ግን ሌላ ስሌት ነበረው። ሲቲ ኦፍ ግላስጎው የተባለችውን የብረት መርከብ በ1850 ገዝቶ አሰማራ፤ ብዙም ሳይቆይ ስደተኞችን በብዛት መጫን ጀመረ። ጉዞው ከአምስትና ስድስት ሳምንት ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲያጥር ስንቅ፣ ውሃና በሽታ ሁሉም አብረው ቀነሱ። በ1870 አካባቢ አትላንቲክን የሚያቋርጠው ስደተኛ ከሞላ ጎደል በእንፋሎት መርከብ የሚሄድ ሆነ፤ ምግቡንም ከመርከቡ ያገኝ ጀመር።

የክፍሎቹ አቀማመጥም የዚያ ዘመን ውርስ አለበት። በሸራው ጊዜ የክብር ቦታ የመርከቡ ኋላ ነበር። የእንፋሎት መርከብ ግን ከኋላ በሚዞረው መዘውር ይንቀጠቀጣል፤ ፊትና ኋላውም በማዕበል ከፍ ዝቅ ሲል ከመሃሉ ይልቅ ይናጣል። በ1871 ዋይት ስታር የተባለው ኩባንያ ኦሺያኒክ በተባለችው መርከቡ ላይ የአንደኛ ማዕረጉን አዳራሽና ካቢኖች ወደ መሃል አመጣቸው። ስቲሬጁ ወደ ሁለቱ ጫፎች ተገፋ። መርከብ ሲናጥ አብዝቶ የሚታመመው የከፈለው ገንዘብ ያነሰው ሰው የሆነው በንድፍ እንጂ በአጋጣሚ አይደለም።

ትኬቱ የሚሸጠው በወኪል ነበር። ከኖርዌይ እስከ ሩሲያ ግዛት ድረስ በየከተማው የተሰየሙ ወኪሎች ቀብድ እየተቀበሉ ቦታ ይይዛሉ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የስቲሬጅ ዋጋ 30 ዶላር አካባቢ ነበር። ብዙ ጊዜ ከፋዩ ራሱ ተጓዡ አይደለም፤ ቀድሞ የሄደ ወንድም ወይም ባል አሜሪካ ሆኖ ከፍሎ ትኬቱን በፖስታ ይልካል። በ1891 የወጣው የአሜሪካ ሕግ መግባት የተከለከለውን ሰው ኩባንያው በራሱ ወጪ እንዲመልስ ስላስገደደ፣ ኩባንያዎቹ በመነሻው ወደብ ሐኪም አቆሙ። ማዶ ሲደርሱም ልዩነቱ ቀጠለ። በኒውዮርክ የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ መንገደኛ እዚያው መርከቡ ላይ ታይቶ ሲወርድ፣ የስቲሬጁ ሰው በጀልባ ወደ ኤሊስ ደሴት ተወስዶ ይመረመራል። ምርመራውን የፈራ፣ አቅሙም የፈቀደ ቤተሰብ ተበድሮም ቢሆን ሁለተኛ ማዕረግ የሚቆርጥበት ምክንያት ይኸው ነበር።

ከዚህ ንግድ የተነሳው አልበርት ባሊን የታሪኩን ሁለት ጫፎች ያገናኛል። ሃምቡርግ ውስጥ የስደተኞች ትኬት ወኪል ልጅ ሆኖ በ1857 ተወለደ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ካር ከተባለ የመርከብ ባለቤት ጋር ተስማምቶ የስቲሬጅ መንገደኛ ብቻ የሚጭን መስመር ከፈተ። በነዚያ መርከቦች ላይ ቅንጦት ባይኖርም አንደኛ ማዕረግ የሚባል ስላልነበረ ድሃው በላይኛው ወለል ላይ እንደ ልቡ ይንሸራሸር ነበር። በኋላ ሀፓግ የተባለውን ታላቅ የጀርመን ኩባንያ መራ። በ1892 ሃምቡርግን የመታው ኮሌራ ከ8,000 በላይ ሰው ሲፈጅ ጣት የተቀሰረው ከሩሲያ በሚመጡት ስደተኞች ላይ ነበር። ባሊን በ1901 ፌደል በተባለው ሰፈር መኝታ፣ ማእድ ቤት፣ ሐኪምና የአምልኮ ቤት ያለው የስደተኞች መንደር አስከፈተ።

ያው ሰው በጥር 1891 አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ 241 መንገደኞች ጭና ሜዲትራኒያንን እንድትዞር ላካት። በክረምት የአትላንቲክ መንገደኛ ስለሚሳሳ መርከቧ ሥራ ከምትፈታ ለሽርሽር ትዋል የሚል ሐሳብ ነበር። እንግሊዞች ወደ ኖርዌይ እንዲህ ያለ ጉዞ ቀድመው ሞክረው ነበር፤ ነገሩን ቋሚ ንግድ ያደረገው ግን ባሊን ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ለሽርሽር ብቻ የተሠራችው ፕሪንሰሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ ሥራ ስትጀምር ክፍሎቿ ሁሉ አንደኛ ማዕረግ ነበሩ። የሽርሽር መርከብ ርካሽ ክፍል ሳይኖረው ተወለደ ማለት ነው።

በመደበኛው መስመር ስቲሬጁ ቀስ በቀስ ሦስተኛ ማዕረግ ወደሚባል ነገር ተለወጠ። በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክ በዚህ ረገድ ከብዙዎች የተሻለች ነበረች። ሰባት ፓውንድ ገደማ የከፈለ መንገደኛ ከጥቂት ሰዎች ጋር የሚጋራው ካቢን፣ ነጭ የተነጠፈበት ገበታና ትኩስ ምግብ ያገኛል። ለ700 ያህል ሰው የተመደቡት የገላ መታጠቢያ ገንዳዎች ግን ሁለት ብቻ ነበሩ። መርከቧ ስትሰጥም ከአንደኛ ማዕረግ ከአሥሩ ስድስት ያህሉ ሲተርፉ፣ ከሦስተኛው የተረፈው ከአራቱ አንድ ነው። የጀልባዎቹ ወለል ከሦስተኛ ማዕረግ በብዙ ደረጃና መተላለፊያ ይርቅ ነበርና የቦታው ርካሽነት በዚያች ሌሊት በርቀት ተለካ።

ይህን በስደተኛ ትኬት የቆመ ሥርዓት ያፈረሰው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በ1921 ከ800,000 በላይ ስደተኛ አሜሪካ ገብቶ ነበር፤ የ1924ቱ ሕግ በኮታ የሚገባውን ወደ 165,000 አወረደው። ኩባንያዎቹ ሰው አልባ በሆነው የመርከባቸው ሆድ ተጨነቁ። መፍትሔውን ያገኙት ክፍሎቹን ቀለም ቀብተው፣ ምግቡን አሻሽለው፣ ቱሪስት ሦስተኛ ማዕረግ በሚል ስም ለተማሪዎችና ለመምህራን በመሸጥ ነው። አውሮፓን ማየት እንደ ሕልም ይቆጥር የነበረ የአሜሪካ መምህር የሄደው ከጥቂት ዓመት በፊት ስደተኛ የተኛበትን አልጋ ይዞ ነው።

በ1930ዎቹ የናዚ መንግሥት ማዕረግ የሌለባቸውን የሽርሽር መርከቦች ለሠራተኛው አሠርቶ ነበር። ከእነዚህ አንዷ በሆነችው በቪልሄልም ጉስትሎፍ ላይ የመንገደኞቹ ካቢኖች ሁሉ ወደ ባሕር የሚያዩ ነበሩ። ከመንገደኞቹ መካከል የምስጢር ፖሊስ ሰላዮች ይሳፈሩ ስለነበር ግን ርካሹ ሽርሽር ሌላ ዋጋ ነበረው።

በጥቅምት 1958 የጄት አውሮፕላኖች በአትላንቲክ ላይ መደበኛ በረራ ጀመሩ። ሳምንት የሚፈጀው መንገድ ወደ ሰዓታት ሲወርድ በመርከብ መሻገር ትርጉም አጣ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1966፣ ኖርዌጂያዊው ክኑት ክሎስተርና ቴድ አሪሰን ሰንዋርድ የተባለችውን መርከብ ለሽርሽር ከማያሚ ወደ ባሃማስ አሰማሩ። አሪሰን በ1972 ካርኒቫል የተባለውን የሽርሽር ኩባንያ አቋቋመ። የማያሚው ንግድ ያነጣጠረው በባለጸጋው ሳይሆን በደመወዝተኛው ላይ ስለነበር አንደኛና ሦስተኛ ማዕረግ የሚባለው ቀረ። ገበታው፣ ገንዳውና ሙዚቃው ለሁሉም አንድ ሲሆን ለዋጋ ልዩነት የቀረው ምክንያት የክፍሉ ስፋትና ቦታ ሆነ። መስኮት የሌለው ክፍል ከመርከቡ ሁሉ ርካሽ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። በመርከቡ ታችኞቹ ወለሎች ላይ፣ ለውሃው ቀርቦ በጠባብ ክፍል ሁለትና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚያድረው ደግሞ ዛሬ ሠራተኛው ነው፤ የስቲሬጁ እውነተኛ ወራሽ እሱ ነው ማለት ይቻላል።

መስኮት አልባውን ክፍል ለማሻሻል ብዙ ተሞክሯል። በ1984 ሥራ የጀመረችው ሮያል ፕሪንሰስ የመንገደኛ ክፍሎቿን ሁሉ ወደ ውጭ አዞረች፤ መርከቦች እየሰፉ ሲሄዱ ግን መሃሉን ባዶ መተው አክሳሪ ስለሆነ ብዙዎች አልተከተሏትም። በ1999 ቮያጀር ኦፍ ዘ ሲዝ በመርከቡ መሃል ሱቅና ካፌ ያለበት መንገድ ዘርግታ አንዳንዶቹን የውስጥ ክፍሎች በዚያ ላይ መስኮት አወጣችላቸው። በ2011 ዲዝኒ ድሪም በውስጥ ክፍሎቿ ግድግዳ ላይ የውጭውን ባሕር በካሜራ የሚያሳይ ክብ ስክሪን ተከለች።

ክፍሉ የሚያዝበትም ዘዴ በዋጋው ላይ ልዩነት ያመጣል። በጣም ርካሹ ዋጋ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መንገደኛው የክፍሉን ዓይነት ብቻ መርጦ ቁጥሩን ለኩባንያው ሲተው ነው። ክፍሉ መልሕቅ አጠገብ ወይም ከጭፈራ አዳራሽ በታች ሊደርሰው ይችላል፤ ዕድል ከቀናው ደግሞ እምብዛም በማይናጠው በመሃሉ ያድራል። በፀደይና በመኸር መርከቦች ከካሪቢያን ወደ ሜዲትራኒያን፣ ከዚያም መልሰው ሲዛወሩ ጉዞው የአንድ አቅጣጫ፣ የባሕር ቀኖቹም ብዙ ስለሚሆኑ የቀኑ ዋጋ ይረክሳል። የሚያቋርጡትም ያንኑ የስደተኞቹን ውቅያኖስ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ዋጋው ለሁለት ሰው ስለሚሰላ ብዙ ጊዜ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ይከፍላል። በ2010 የወጣችው ኖርዌጂያን ኤፒክ ለዚህ መልስ እንዲሆን እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ካሬ ሜትር ገደማ የሆኑ 128 የነጠላ ክፍሎች ይዛ ተነሳች፤ በኋላ የመጡ የሌሎች ኩባንያዎች መርከቦችም ተመሳሳይ ክፍል መሥራት ጀመሩ።