ስለ ነጋዴና ስለ ባዕድ ሸሪኩ

እዚህ ዲማ ወርቅ እያጠበ የሚኖር አንድ ጐልማሳ፥ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፥ ከውጭ አገር ሰው ጋራ ሊሻረክ አስቦ ምክር ሊጠይቀኝ መጣ። «መምህር፥ ሰውዬው ገና ሳንተዋወቅ ወረቀት ፈርም ይለኛል፤ ቡና እንኳ ቁጭ ብሎ አልጠጣም። የዓመታት ጥሪቴን ሊበላብኝ ይሆን?» አለኝ። እኔም የጋምቤላን የንግድ ታሪክ ነገርሁት፤ ለእናንተም ይኸው።

ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ወንዝ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ ፈቀዱ። ይህ ቦታ ጋምቤላ ሆነ። በክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም እየመጣ ጨውና ጨርቅ ያራግፍ፥ ከደጋ የወረደውን ቡና ይጭን ነበር።

የንግዱ ገንዘብ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበረ። አንዱ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ 2000 ብር 56 ኪሎ፥ የበቅሎ ጭነት ነው! በ1898 ዓ.ም. የተከፈተውና ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋራ በተደረገ ስምምነት የቆመው የቀድሞው የአቢሲኒያ ባንክ በጋምቤላም ወኪል ነበረው፤ በኋላም የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ወረቀት ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። የኛ ነጋዴ ግን የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን የዕንቍ ጌጥ ገልብጦ ሳይመረምር ብር እንኳ አይቀበልም፤ ወረቀቱንማ ለብዙ ጊዜ ሸሸው። ባዕድን ጠልቶ ነው እንዳንል፥ ምኒልክ በራሳቸው መልክ በፓሪስ ያስመቱትንም ብር በቀላሉ አለመደም፤ ከገዛ ንጉሡ መልክ ይልቅ የባዕዲቱን ንግሥት መልክ መረጠ። እኔስ በነጋዴው አልፈርድበትም፤ ብር ቢቀልጥም ብር ነው፤ የወረቀት ዋጋ ግን በሰጪው ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ይሁን እንጂ ወረቀት ሁሉ ተንኰል አይደለም። ያው የ1894ቱ ውል ኪራዩ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ነው ይል ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ወጣች፤ ጋምቤላም በ1949 ዓ.ም. ተመለሰልን። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ግን 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፥ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ወደ ዐድዋ አደረሰን።

ጐልማሳው ይህን ሰምቶ ውሉ በአማርኛ እንዲጻፍለት ጠየቀ፤ ሰውዬውንም እሑድ ቡና ጠራው። ሰውዬው መጣ፥ ሦስተኛውንም ሲኒ ጠጣ። ፊርማው ግን ገና ነው፤ ትርጕሙን እየጠበቅን ነው።