ሞክሼ ፊደላትና ሞክሼ ድልድዮች



በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ሲጠሩ እርስ በርሳቸው «ሞክሼ» ይባባላሉ። ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ግን ልዩ ልዩ የሆነውን ፊደላት፣ እነ ሠንና ሰን፣ እነ አንና ዐን፣ ሞክሼ ማለታችንም ስለዚሁ ነው። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ «ሰረቀ» ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። «ዓመት» ዘመን ነው፤ «አመት» ግን ገረድ ናት። እንግሊዞችም ፀሐይን «ሰን»፣ ወንድ ልጅንም «ሰን» ይላሉ፤ በጽሕፈት የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። እንግዲህ ጆሮ የማይለየውን ዓይን ይለየዋል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው መመሳሰል በቃላት ብቻ ሳይወሰን በሥራዎችም ስም ላይ ይገኛል። ከሰበታ ወይም ከቡራዩ ተነሥቶ በእንጦጦና በሱሉልታ ሜዳ በኩል ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመሳለም የሚሄድ ሰው፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከገዳሙ አጠገብ በገደሉ አፋፍ ላይ አንድ የድንጋይ ድልድይ ያያል። ስሙን ቢጠይቅ «የፖርቱጋል ድልድይ ነው» ይሉታል። ጢስ ዓባይን ለማየት የሄደ ሰውም በፏፏቴው አቅራቢያ ዓባይን ስለሚሻገረው የድንጋይ ድልድይ ቢጠይቅ ያንኑ መልስ ያገኛል። እነሆ፣ ሁለቱ ድልድዮች ሞክሼዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ የስማቸው አንድነት የዘመናቸውን ልዩነት ሊሰውርብን አይገባም። የፖርቱጋል ወታደሮች በክርስቶፎሮስ ዳጋማ መሪነት ወደ አገራችን የገቡት በ1533 ዓ.ም. ነው። የጢስ ዓባዩ ድልድይ የተሠራው ከዚያ በኋላ በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ሆነ ስሙ ጥቂት ምክንያት አያጣም። የደብረ ሊባኖሱ ድልድይ ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ ያሠሩትም የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አጎት፣ በ1892 ዓ.ም. ያረፉት የሰላሌው ገዥ ራስ ዳርጌ ናቸው። ይህም በ1624 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ፋሲል የካቶሊክ መምህራንን ከአገር ካስወጡ 250 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። የድንጋዩ ቅስት የጥንቱን ሥራ ስለሚመስል፣ በዚህስ ላይ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ታሪክን መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ሠረቀ»ን በሰ የሚጽፍ ሰው የምትወጣውን ፀሐይ ሌባ ያደርጋታል። የራስ ዳርጌን ድልድይ የፖርቱጋል የሚልም ሳያውቀው የአገሩን ሰው ምስጋና ለባዕድ ይሰጣል። ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደዚያ በሄዳችሁ ጊዜ ድልድዩን ከማሳየት ጋር ያሠራውን ሰው ስም ንገሯቸው።