194,313 (ቁጥር)

194,313 (በግዕዝ አኃዝ ፲፱፼፵፫፻፲፫) ከ194,312 ቀጥሎ፣ ከ194,314 በፊት የሚገኝ ጎዶሎ ሙሉ ቁጥር ነው። በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር የሚባለው የ532 ዓመት ዑደት በቀን ሲቆጠር ይህን ያህል ይሆናል። ዑደቱ ሲሞላ ፋሲካ በዚያው ወርና በዚያው ቀን ይውላል።

አመጣጡ

በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሦስቱ ዓመታት 365 ቀን አላቸው፤ በዘመነ ሉቃስ ግን ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ዓመቱ 366 ቀን ይሆናል። የአራቱ ዓመታት ድምር 1,461 ቀን ነው። 1,461 ለ7 ሲካፈል 5 ስለሚተርፍ፣ ዕለቱና ወንጌላዊው ተገናኝተው እንደገና የሚጀምሩት ከ7 × 4 = 28 ዓመት በኋላ ነው። ይህ ዐውደ ፀሐይ ይባላል። አበቅቴ ደግሞ በየ19 ዓመቱ ይመለሳል (ንዑስ ቀመር)። 28 እና 19 ከ1 በስተቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም፤ ስለዚህ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 28 × 19 = 532 ነው።

532 × 365 + 133 = 194,313

እዚህ ላይ 133 በዑደቱ ውስጥ ያሉት የጳጉሜን 6 ቀናት ብዛት ነው።

የሒሳብ ባሕርያት

* በብቸኛ ቁጥሮች ሲተነተን 3 × 7 × 19 × 487 ነው። ከእነዚህ 3 × 487 = 1,461 የአራት ዓመት ቀናት ናቸው።
* 16 አካፋዮች አሉት፤ ድምራቸው 312,320 ነው።
* ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ልክ 27,759 ሳምንት ነው።
* ከእሱ ከማይበልጡ ቁጥሮች መካከል ከ1 በቀር ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው 104,976 ናቸው። ይህም 18 × 18 × 18 × 18 ነው።
* በሁለትዮሽ አጻጻፍ 101111011100001001 ነው።

ከጨረቃ ጋር ያለው ልዩነት

ቁጥሩ ለሳምንት ፍጹም ነው፤ ለጨረቃ ግን ግምት ነው። በ532 ዓመት 6,580 የጨረቃ ወራት ይቆጠራሉ። አንዱ ወር በአማካይ 29.530589 ቀን ስለሆነ ድምሩ 194,311.28 ቀን ገደማ ይመጣል። በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ስሌቱ ከሰማይዋ ጨረቃ 1.7 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው።

በጎንደር

ባሕረ ሐሳብ በጎንደርና በሌሎች አካባቢዎች በአብነት ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ትምህርት ነው። ተማሪው ትልቁን ቁጥር መያዝ አያስፈልገውም፤ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ደምሮ ዓመተ ዓለሙን ያገኛል፣ ከዚያ ለ4 እና ለ19 አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል። ለምሳሌ ለ2016 ዓ.ም. 7,516 ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 110 ሲሆን፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20 ይሆናል። በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራውም ይኸው የቀሪ ሒሳብ ነው።

የ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፤ ከ532 ዓመት በፊት የ1484 ዓ.ም. ፋሲካም ሚያዝያ 27 ነበር። ጎንደር በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ዋና ከተማ ከሆነችበት ከ1628 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1636) ወዲህ ገና አንድ ዐቢይ ቀመር አልሞላም። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 22 ስለነበር፣ ዑደቱ በሚሞላበት በ2160 ዓ.ም. ፋሲካ እንደገና ሚያዝያ 22 ይውላል።